በሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ

በሐሞት ቱቦ ውስጥ የሚበቅል፣ ካንሰር ያልሆነ እጢ ብዙ ሐኪም በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጋጥመው ጡረታ የሚወጣበት ሕመም ነው። ከጉበት ውጭ ባለው የሐሞት ቱቦ ላይ ከሚገኙ እጢዎች መካከል ካንሰር ያልሆኑት ከመቶ 6 ያህሉ ብቻ እንደሆኑ በሕክምና ጽሑፎች ይጠቀሳል። የቀሩት ካንሰር ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ጥቂቶቹም ብዙዎቹም አንድ መልክ ይዘው መምጣታቸው ነው። ዓይን ቢጫ ያደርጋሉ፣ ሰውነት ያሳክካሉ፣ በምስልም ላይ ቱቦውን የዘጋ ነገር ሆነው ይታያሉ። «ይህ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ይነሣል፤ እርግጠኛው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እጢው ከሰውነት ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ከታየ በኋላ ነው። በመካከል ያለው ምርመራ ሁሉ ጥርጣሬን ደረጃ በደረጃ የማጥበብ ሥራ ነው።

በግ ሲታረድ ጉበቱን የሚያወጣው ሰው ከሥሩ የተለጠፈችውን አረንጓዴ ከረጢት በጥንቃቄ ያነሣታል፤ ከፈረጠች ጉበቱም ሥጋውም ይመርራል። ያቺ የሐሞት ከረጢት ናት። ብዙ ሰው የሐሞት ምንጭ እሷ ትመስለዋለች፤ እሷ ግን ማጠራቀሚያ ብቻ ናት። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ በአዋቂ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያመነጫል። የሰው የሐሞት ከረጢት በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም።

በጉበት ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሰራጩት ቀጫጭን ቱቦዎች እየተገናኙ መጥተው የቀኝና የግራ ሁለት ቱቦዎች ይሆናሉ። ሁለቱ የጉበት በር በሚባለው ቦታ ላይ ይገጥማሉ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ከከረጢቱ የሚመጣው ቱቦ ይቀላቀላቸዋል። ዋናው ቱቦ ከዚያ ወደ ታች ወርዶ፣ በቆሽት ራስ ውስጥ አልፎ፣ በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ይከፈታል። መክፈቻው እ.ኤ.አ. በ1720 በገለጸው በጀርመናዊው የአካል ጥናት ሊቅ በአብርሃም ቫተር ስም ይጠራል። መክፈቻውን እንደ ቧንቧ መዝጊያ የሚያጠብቀውንና የሚያላላውን የጡንቻ ቀለበት በ1887 ያብራራው ደግሞ ጣሊያናዊው ሩጌሮ ኦዲ ነው፤ ኦዲ ያኔ ገና የሕክምና ተማሪ ነበር።

የዋናው ቱቦ ስፋት በጤናማ ጎልማሳ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእርሳስ አይወፍርም። ነገሩን ሁሉ የሚወስነው ይህ ጥበት ነው። በማሕፀኗ ውስጥ የብርቱካን ያህል እጢ ይዛ ለዓመታት ምንም ሳይሰማት የምትኖር ሴት ጥቂት አይደለችም። በሐሞት ቱቦ ውስጥ ግን የሽንብራ ፍሬ የምታህል እጢ ዓይንን ቢጫ ለማድረግ ትበቃለች። ስለዚህ በዚህ ቦታ «ካንሰር ያልሆነ» ማለት «ጉዳት የማያደርስ» ማለት አይደለም። በቆመ ሐሞት ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም ከዓይን ቢጫነት ጋር አብረው ከመጡ ነገሩ ለነገ የሚባል አይደለም። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቅባት በደንብ አይፈጭም፤ ከቅባት ጋር የሚገባው ቫይታሚን ኬም ይጎድላል፣ ደም ቶሎ መርጋት ያቅተዋል። መዘጋቱ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ጉበቱ ራሱ በጠባሳ ይሞላል።

የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ «የወፍ በሽታ» የሚባለው ነው። ስሙ የሌሊት ወፍ ታመጣዋለች ከሚል የቆየ እምነት ጋር የተያያዘ ነው። ትክክለኛው ምክንያት ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ቀለም ነው። ቀለሙ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ይፈጠራል፤ ጉበት ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሸኘዋል። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ከ1.2 ሚሊ ግራም ገደማ አይበልጥም፤ ወደ 3 ሲጠጋ የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ መሆኑን ማየት ይቻላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቢጫነቱ ስለማይለይ ዓይን ዋነኛው መመልከቻ ነው። ሕመምተኛው ወደ ታች እያየ የላይኛው የዓይን ቆብ ከፍ ሲደረግ፣ ያውም በአምፖል ሳይሆን በመስኮት ብርሃን፣ ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የወፍ» አንድ በሽታ ሳይሆን የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። በኢትዮጵያ ስሙ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ ነው፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሐኪም የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የተበላሸው ጉበቱ ነው ወይስ የተዘጋው መውረጃው?» የሚለው ነው። መውረጃው ሲዘጋ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፤ ሰገራ ቀለሙን አጥቶ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ሰውነት፣ በተለይ መዳፍና የውስጥ እግር፣ ሌሊት እያሳከከ እንቅልፍ ይነሣል። ሽንትና ሰገራ ቀለማቸው መለወጡን ሕመምተኛው ካልተጠየቀ አብዛኛውን ጊዜ አይናገርም። በዕድሜ የገፋ ሰውማ ነውር ይመስለዋል። ሆኖም ይህ አንድ መረጃ ብቻውን ምርመራውን ከጉበት ወደ ቱቦ ያዞረዋል።

የሕመሙ አካሄድም ይናገራል። የሐሞት ጠጠር እንደ ቁርጠት አጣድፎ ይነሣል። ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሳያም፣ ዝም ብሎ፣ በየሳምንቱ ቢጫነቱን እየጨመረ ይሄዳል። ካንሰር ያልሆነና በቀጭን ግንድ ላይ የተንጠለጠለ እጢ ግን አንዳንዴ ይዘጋል አንዳንዴ ይከፍታል፤ ዓይን ቢጫ ሆኖ ይሰነብትና ያለ ምንም መድኃኒት ይጠራል፣ ከወራት በኋላ ይመለሳል። በመካከሉ የተወሰደ መድኃኒት ወይም ሌላ ነገር ካለ «ያ አዳነኝ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ስዊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ኩርቮአዚየ በ1890 ያስተዋለው ነገር ዛሬም በሐኪሞች እጅ ላይ ነው፤ ያለ ሕመም ቢጫ በሆነ ሰው ሆድ ላይ የሐሞት ከረጢቱ አብጦ በእጅ ሲዳሰስ፣ የዘጋው ነገር ጠጠር የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ጠጠር ያለበት ከረጢት በተደጋጋሚ ስለሚቆጣ ግድግዳው ደድሮ እንደልቡ አያብጥም። ይህ ምልከታ ጠጠርን ያርቃል እንጂ ካንሰርን ካንሰር ካልሆነው አይለይም።

የደም ምርመራ የሚያረጋግጠው መዘጋቱን ነው። ጉበት አጣርቶ ያዘጋጀው የቢሊሩቢን ዓይነት ይጨምራል፤ አልካላይን ፎስፋቴዝና ጂጂቲ የሚባሉት ኢንዛይሞችም አብረው ይወጣሉ። ከዚህ ቀጥሎ የሚታዘዘው ሲኤ 19-9 ብዙ ድንጋጤ የሚፈጥር ምርመራ ነው። የተለመደው ወሰኑ በሚሊ ሊትር 37 ዩኒት ሲሆን፣ በሐሞት ቱቦና በቆሽት ካንሰር ከፍ ይላል። ነገር ግን ቱቦው በተራ ጠጠር ሲዘጋ ወይም ሲቆጣም በብዙ መቶዎች ሊደርስ ይችላል። በተቃራኒው ከመቶ ሰው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው በተፈጥሮው ይህን ንጥረ ነገር ስለማይሠራ ካንሰር ቢኖርበትም ውጤቱ ዝቅ ያለ ይሆናል። በቢጫነቱ መካከል የተለካ ቁጥር ቱቦው ከተከፈተ በኋላ ካልተደገመ ብዙም ዋጋ የለውም፤ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አልትራሳውንድ የምስል ምርመራ መጀመሪያ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በወረዳ ከተማም ይገኛል። ሕመምተኛው ሳይበላ ይመጣል፤ ከበላ ከረጢቱ ይጨመቅና አይታይም። በቀኝ ጎኑ ላይ ቀዝቃዛው ጄል ይቀባል፣ ትንፋሹን ስቦ እንዲይዝ ይነገረዋል። ፈሳሽ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ስለሆነ፣ የሰፋ ቱቦ እንደ ጥቁር ጎዳና ይታያል። ጠጠር በውስጡ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ዛፍ ጥላ ጠቆር ያለ መስመር ይጥላል። እጢ ግራጫ ነው፣ ጥላ የለውም። ሕመምተኛው በጎኑ ሲገለበጥ ጠጠርና አተላ ቦታቸውን ይለውጣሉ፤ እጢ ከግድግዳው ጋር ስለተያያዘ ካለበት ንቅንቅ አይልም። በኢትዮጵያ ሐኪሞች ዘንድ ሊዘነጋ የማይገባ ሌላ እንግዳም አለ፤ ወስፋት። ከአንጀት ወጥቶ በቫተር መክፈቻ ሽቅብ የገባ ወስፋት በቱቦው ውስጥ ሁለት ትይዩ መስመር ያለው ረጅም ነገር ሆኖ ይታያል፣ ጥላ አይጥልም፣ በሕይወት ካለ ደግሞ ሲንቀሳቀስ በዓይን ይታያል። የአልትራሳውንድ ድክመት የቱቦው የታችኛው ጫፍ ነው፤ የአንጀት አየር ይሸፍነዋል፤ ካንሰር ካልሆኑት እጢዎች አንዱ ዋነኛ የሆነው አዴኖማ ደግሞ የሚወደው ያንኑ ጫፍ ነው።

ከእጢ ውጭ ቱቦን የሚዘጉ ብዙ ነገሮች አሉ፤ ከጉበት በር አጠገብ በቲቢ ያበጠ ንፍፊት፣ ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የቀረ ጠባሳ፣ የቱቦውን ግድግዳ የሚያደድር የቆየ ብግነት። ከእነዚህ አንዱ ለብቻው መነሣት አለበት። የሰውነት መከላከያ ራሱን ሲያጠቃ አይጂጂ4 የሚባል ፕሮቲን የሚያመርቱ ሕዋሳት በቱቦውና በቆሽት ግድግዳ ይሰፍራሉ፤ ግድግዳው ይወፍርና ልክ ካንሰር ይመስላል። የጃፓን ሐኪሞች የፕሮቲኑን በደም ውስጥ መብዛት ከቆሽት ብግነት ጋር ያያያዙት በ2001 ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠኑ በዴሲ ሊትር ከ135 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ጥርጣሬ ይነሣል፤ ከዚያ ብዙ እጥፍ ሲሆን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ይህ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በስቴሮይድ መድኃኒት በሳምንታት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል። መድኃኒቱን «እስቲ ይሞከር» ብሎ መስጠት ግን ቲቢ በተስፋፋበት አገር አደገኛ ነው፤ ተደብቆ የነበረ ቲቢ ይነሣሣል። መጀመሪያ ናሙና፣ ከዚያ መድኃኒት።

ሲቲ ስካን በዙሪያው ያለውን ያሳያል፤ ንፍፊቶችን፣ ጉበትን፣ ከቱቦው አጠገብ የሚያልፉትን የደም ሥሮች። የቱቦውን ቅርጽ ራሱን ለማየት ግን ኤምአርሲፒ ይሻላል። ይህ ከ1991 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የኤምአርአይ ዓይነት ነው፤ የቆመ ፈሳሽን ብሩህ፣ ሌላውን ጨለማ አድርጎ ስለሚያነሣ ሐሞቱ ራሱ ሥዕሉን ይሠራል። መርፌም ቱቦም ወደ ሰውነት አይገባም። ምስሉ ላይ ቅርንጫፎቹ እንደ ነጭ ሥራ ሥር ይዘረጋሉ፤ አንዱ ሥር ድንገት ሲቋረጥ ወይም በውስጡ ክብ ጥቁር ነጥብ ሲታይ የእጢው ቦታና ርዝመት ይታወቃል። ጠርዙ ለስላሳ፣ ክብ፣ አጭር፣ ግድግዳውን ያላወፈረ ከሆነ ካንሰር ወዳልሆነው ያዘነብላል። ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ የደም ሥር ያቀፈ ወይም ንፍፊት ያሳበጠ ከሆነ ወደ ካንሰር። ሁለቱም ማዘንበል እንጂ ፍርድ አይደሉም።

በዚህ ደረጃ አንድ የቅደም ተከተል ስሕተት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነና የሚያሳክከው ሰው እፎይታ ስለሚፈልግ፣ ምስል ሳይነሣ በፊት ቱቦው ውስጥ ስቴንት የሚባል፣ ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቧንቧ ይገባለታል። ሐሞቱ ይወርዳል፣ ማሳከኩ ያልፋል፤ እጢው ግን ይጠፋል፣ ከሰውነት ሳይሆን ከምስል። በስቴንት የተደገፈ ቱቦ ግድግዳው ስለሚቆጣ ይወፍራል፤ ቀደም ሲል በፈሳሽ ተወጥሮ እጢውን ዙሪያውን ያሳይ የነበረው ክፍተትም ይሟሽሻል። ከዚያ በኋላ የሚነሣ ኤምአርአይ ውፍረቱ ከእጢ ይሁን ከስቴንት ለመለየት ይቸገራል። ኢንፌክሽን ካላጣደፈ በስተቀር ጥሩ ምስል ከስቴንት ይቀድማል።

ናሙና ለመውሰድ የሚያገለግለው ኢአርሲፒ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊልያም መኩን በዋሺንግተን በ1968 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ ኢንዶስኮፕ የሚባለውን ተጣጣፊ መመልከቻ በአፍ አስገብቶ እስከ ቫተር መክፈቻ ያደርሳል፤ ከዚያ ቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ተልኮ፣ ቀለም ተረጭቶ ራጅ ይነሣል። ከ1974 ጀምሮ ደግሞ የኦዲን ቀለበት በኤሌክትሪክ ሽቦ በጥቂቱ መቁረጥ ስለተቻለ ጠጠር ማውጣትና ስቴንት ማስገባት የተለመደ ሆነ። ዘዴው ያለ አደጋ አይደለም፤ ከመቶ ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት ሕሙማን ቆሽታቸው ይቆጣል። ስለዚህ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመሥራት ሲፈለግ ነው የሚደረገው። በኢትዮጵያ በአብዛኛው በአዲስ አበባ ባሉ ጥቂት ሆስፒታሎች የሚገኝ በመሆኑ፣ ከክልል የሚመጣ ሕመምተኛ ፊልሙንና ሲዲውን ይዞ መጓዙ ግድ ነው።

የናሙናው ነገር የምርመራው ሁሉ አስኳል ነው። በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ያለች፣ የጠርሙስ ማጠቢያ የምትመስል ትንሽ ብሩሽ በጠበበው ቦታ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ትፈገፍጋለች፤ የያዘቻቸው ሕዋሳት በመስታወት ላይ ይቀባሉ። ካንሰር ካገኘች ቃሏ ይታመናል፣ በሐሰት የምትከስሰው እምብዛም ነው። ካላገኘች ግን ምንም አልተባለም። ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ብሩሽ ታልፋቸዋለች። «ካንሰር አልተገኘም» የሚለው ወረቀት «ካንሰር የለም» ተብሎ ሲነበብ ለብዙ ወራት ዝም ተብሎ የሚቆይ ሰው ይኖራል። ተቃራኒው ወጥመድም አለ፤ ካንሰር ካልሆኑት እጢዎች አንዳንዶቹ ከውስጠኛው ሽፋን በታች፣ በግድግዳው ሥጋ ውስጥ ያድጋሉ። ብሩሽ ደግሞ የሚነካው ሽፋኑን ብቻ ነው። ውጤቱ «ጤናማ ሕዋሳት» ይላል፣ ሽፋኑ በእርግጥ ጤናማ ነው፤ እጢው ከሥሩ ሳይነካ ተኝቷል። በትንሽ መቆንጠጫ ቁራሽ መውሰድ ይሻላል። ከ2007 ወዲህ ገበያ ላይ የዋለው፣ ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ መመልከቻ ደግሞ ራሱ በቱቦው ውስጥ ገብቶ እጢውን በዓይን እያሳየ ቁራሽ ያስወስዳል። በጫፉ አልትራሳውንድ የያዘ ኢንዶስኮፕም ከአንጀት በኩል ተጠግቶ የታችኛውን ጫፍ፣ ተራው አልትራሳውንድ ያቃተውን፣ ጥርት አድርጎ ያያል።

ከእጢዎቹ አንዱ የሆነው አዴኖማ ከሽፋኑ የሚበቅል ለስላሳ ፖሊፕ ነው፤ በትልቁ አንጀት ከሚገኘው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ እንደዚያው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። በቫተር መክፈቻ አካባቢ አዴኖማ የተገኘበት ሰው ትልቁ አንጀቱም በኢንዶስኮፕ መታየት አለበት፤ በዘር የሚተላለፍ የፖሊፕ በሽታ ሊኖርበት ይችላልና። ይህም ለቤተሰቡ ጭምር የሚተርፍ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ቀደም ሲል ፓፒሎማቶሲስ ይባል የነበረው፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ካሮሊ በ1959 የገለጸው ነው። እንደ አበባ ጎመን የተበታተነ ልስልስ ቡቃያ በቱቦው ውስጥ በብዙ ቦታ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል። ኢንዶስኮፑ ቫተር ላይ ሲደርስ መክፈቻው ተከፍቶ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ነገር ሲንጠባጠብ ከታየ ምርመራው ሊያልቅ ተቃርቧል። ምስሉም ልዩ ነው፤ ተራ እጢ ከበላዩ ያለውን ቱቦ ብቻ ሲያሰፋ፣ ዝልግልጉ ግን ከእጢው በታች ያለውንም ይወጥራል። በምሥራቅ እስያ በብዛት የሚታየው ከጉበት ውስጥ ጠጠርና ከጥሬ ዓሣ ከሚገባ የጉበት ትል ጋር ተያይዞ ነው። «ካንሰር ያልሆነ» የሚለው ስም እዚህ በግማሽ ልብ የሚሰጥ ነው፤ ሲወጣ በውስጡ የተጀመረ ካንሰር የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ግራኑላር ሴል እጢ ግን እውነተኛው አታላይ ነው። በሽታውን በ1926 የገለጸው የሞስኮው ፓቶሎጂስት አሌክሴይ አብሪኮሶቭ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የሌኒንን አስከሬን የመረመረው እርሱ ነበር። አብሪኮሶቭ ያየው በምላስ ላይ ነበር፤ በሐሞት ቱቦ ላይ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1952 ነው። እጢው ነርቭን ከሚሸፍኑ ሕዋሳት ይወጣል፤ በጭራሽ ከሽፋኑ አይደለም። የተገኘባቸው ሰዎች በአመዛኙ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ በአሜሪካ በታተሙት ዘገባዎች አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ናቸው። በ30ዎቹ ዕድሜ ያለች፣ ክብደት ያልቀነሰች፣ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ጥቁር ሴት በቱቦዋ ላይ አጭር ጠባብ ቦታ ተገኝቶባት ብሩሹ ደጋግሞ «ጤናማ» ሲል፣ ይህ እጢ በሐኪሙ አእምሮ ውስጥ ሊመጣ ይገባል። በማይክሮስኮፕ ሥር ሕዋሳቱ ትላልቅ ናቸው፣ ውስጣቸው በሮዝማ ቀለም ቅንጣቶች የተሞላ ነው፤ ኤስ-100 በተባለ ማቅለሚያ ሲነከሩ ቡናማ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

የሐሞት ከረጢቱ ከዓመታት በፊት የወጣለት ሰው ላይ ደግሞ ኒውሮማ ይታሰባል። የተቆረጠ ነርቭ መልሶ ለማደግ ሲሞክር እንደ ውል የተቋጠረ ጉብታ ይሠራል፤ ጉብታው ቱቦውን ይጫነዋል። የጡንቻ እጢ፣ የቅባት እጢና ሌሎችም በነጠላ በነጠላ ተመዝግበዋል። በጉበት ውስጥ ቋጠሮ ሠርቶ የሚያድግ፣ በአብዛኛው በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ የሚታይ ዝልግልግ የያዘ እጢም አለ። ይህኛው በደቡብ ኢትዮጵያ አርብቶ አደር አካባቢዎች ከውሻ ከሚተላለፈው የትል ቋጠሮ ጋር ስለሚመሳሰል፣ መርፌ ከመውጋት በፊት የትሉ የደም ምርመራ ይቀድማል፤ የትል ቋጠሮ ተወግቶ ከፈሰሰ በሕይወት ላይ የሚያሰጋ የአለርጂ ድንጋጤ ሊያስነሣ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥርጣሬው ላይለቅ ይችላል። በጉበት በር ላይ የሚወጣውን ካንሰር አሜሪካዊው ጄራልድ ክላትስኪን በ1965 በ13 ሕሙማን ካብራራ በኋላ፣ በዚያ ቦታ የታየ ጥበት ሁሉ የእርሱ እጢ ተደርጎ መቆጠር ጀመረ። በ1985 በለንደን የታተመ ጥናት በዚሁ ግምት ወደ ሆስፒታሉ ከመጡ 104 ሕሙማን 8ቱ ካንሰር እንዳልነበረባቸው አሳየ። ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች የወጡ ጥናቶችም ቁጥሩን በአብዛኛው ከመቶ ከ5 እስከ 15 ባለው መካከል ያስቀምጡታል። ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ጉበታቸው በከፊል ተቆርጧል። ነገሩ ከውጭ ለሚያየው ግፍ ይመስላል። ሆኖም ከአሥሩ ዘጠኙ ካንሰር ካለባቸው፣ አንዱን ለማዳን ሲባል ሁሉንም ማቆየት ዘጠኙን አሳልፎ መስጠት ስለሆነ፣ ቀዶ ሐኪሞች ያለ ማረጋገጫ ይገባሉ። ሕመምተኛው ይህን አስቀድሞ መስማት አለበት፤ «ካንሰር ነው» ተብሎ ሳይሆን «ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ሳይወጣ አይታወቅም» ተብሎ።

በቀዶ ሕክምናው መካከል ቁራሽ ተቆርጦ በፍጥነት በቅዝቃዜ ይደርቅና ሕመምተኛው ሳይነቃ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ይህ ምርመራ ባለበት ሆስፒታል እጢው ከቱቦው ጋር ብቻ ይውጣ ወይስ ጉበቱም ይቆረጥ የሚለውን ለመወሰን፣ የተቆረጠበት ጠርዝም ከእጢ ንጹሕ መሆኑን ለማየት ይረዳል። የመጨረሻው ቃል ግን የዋናው ናሙና ነው።

ናሙናው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በብዙ ቦታ ዕቃውን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው የሕመምተኛው ዘመድ ነውና። ከእጢው አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ፣ ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ አፈ ሰፊ ዕቃ መቀመጥ አለበት። በተራ የጨው ውኃ ውስጥ ያደረ ሥጋ ይበሰብሳል፤ በትንሽ ፎርማሊን የታጨቀ እጢ ከውስጥ አይደርቅም። ስሙና የተቆረጠበት ቦታ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ጎን ላይ ይጻፋል፤ ክዳን ይቀያየራል። ፓቶሎጂስቱ የሚጽፈው ዘገባ የእጢውን ዓይነት፣ የሕዋሳቱ መዛባት ደረጃን፣ ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን፣ እጢው ሙሉ በሙሉ መታየቱን መግለጽ አለበት። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም፤ የፓፒሎማው ዘጠኝ እጁ ንጹሕ ሆኖ አሥረኛው ካንሰር ሊሆን ይችላል።

አዴኖማና ፓፒሎማ ቢወጡም ሊመለሱ ስለሚችሉ የጉበት ደም ምርመራና አልትራሳውንድ በየጊዜው ይደረጋል። ጠርዙ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ግራኑላር ሴል እጢ መመለሱ እምብዛም ነው። ሽንት ዳግም ከጠቆረ ወይም ማሳከክ ከተነሣ ሕመምተኛው የቀድሞውን የፓቶሎጂ ዘገባ ይዞ ይመለሳል። ዘገባው ቢጠፋ እንኳ፣ እጢው በሰም ተቀብሮ የተቀመጠባት ብሎክ በላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ካለች፣ ከዓመታት በኋላም አዲስ ስስ ቁራጭ ከርሷ ተወስዶ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ባልነበረ ማቅለሚያ ተነክሮ እንደገና ይነበባል።